የአስካለ የቀን ኮከብ

አስካለ አረፈች ብላ የእህቷ ልጅ ማርታ በጠዋት ስትደውልልኝ፣ ከአፌ ቀድሞ የወጣው «አይተሻል?» የሚል ነበር። ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። እኔም አፌን በእጄ ያዝኩ። ምን ላድርግ፣ ይህን ቃል ያስለመደችኝ ራሷ ሟቿ ናት። ብትሰማኝ ኖሮ «ጎሽ፣ አሁን ተማርሽ» ትለኝ ነበር።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወደ ቦሌ ወረድኩ። ቀብረናት ስንመለስ በዚያ በድሮው ግቢያችን በተጣለው ድንኳን ውስጥ አረፍ አልኩ። አጠገቤ ከረባት ያሰረ አንድ ሰውዬ ተቀምጧል። በተከፈተው የሳሎን በር አሻግሮ አንሶላ የለበሰውን ረጅም ነገር አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ያ መድፍ እስከ ዛሬ አለ ማለት ነው?» ደሜ ፈላ። መድፍ አይደለም፣ ቴሌስኮፕ ነው፣ ሰማይ ማያ ነው አልኩት። በልጅነቱ ሰፈሩ ሁሉ መድፍ ሲለው ነበር የሚሰማው አለኝ። መቼም ሰው ለቅሶ ላይ አይጣላም፤ ዋጥ አደረግኩት። ግን የዚያን ቱቦ ነገር የሚያውቅ ሰው ካልተናገረ አስካለ መድፍ የነበራት ሴትዮ ሆና ልትቀር ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ በቁሜ አልፈቅድም።

አስካለ ጂኦግራፊ ታስተምር ነበር፣ እኔ አማርኛ፣ በአንድ ትምህርት ቤት። የምንኖረውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ዋናው ቤት ውስጥ እሷ፣ ከኋላ ሰርቪሱ ውስጥ እኔ፤ ኪራይ የምንከፍለው ሁለታችንም ለቀበሌ። ረጅም ሴት ናት። እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ትሰካና ቤቱን ሙሉ እርሳስ ስትፈልግ ትውላለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ መጀመሪያ ላይ አንቱ ብላት «አንቱ ስትዪኝ ወገቤን ያመኛል» ብላ ከለከለችኝ። እትዬ የምትለዋን ግን ተወችልኝ።

የእሷ ነገር አንድ ነው፤ ያላየችውን አትናገርም፣ ሰው ያላየውን ሲናገርም አትወድም። ስኳር ከሱቅ ጠፋ ስላት «አይተሻል?» እገሊት ከባሏ ተጣላች ስላት «አይተሻል?» አላየሁም ካልኩ ወሬው እዚያው ይሞታል። እንደ እኔ ወሬ ለሚወድ ሰው ከእሷ ጋር መጎራበት ቅጣት ነበር። አንድ ቀን በቀበሌው የውይይት ክበብ ካድሬው የአንድ ሩቅ አገር ገበሬዎች እንዴት ደስ ብሏቸው እንደሚኖሩ ሲያስረዳን እጇን አወጣች። «ጓድ፣ ሄደው አይተዋል?» አለች። ተንኮል የለባትም፤ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ ነው። ጭኗን ቆነጠጥኳት። ካድሬው አላየሁም፣ ያነበብኩትን ነው አለ፤ እሷም አመስግና ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ስሟ በደግ ተነስቶ አያውቅም።

ቴሌስኮፑን የሰጧት አብረዋት ያስተምሩ የነበሩ አንድ የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ አብዮቱ ሲፈነዳ ከአገር ሲወጡ ትተውላት ሄዱ። ነገሩ ቀላል ነው። ረጅም ቱቦ ነው፤ ከታች ትልቅ መስተዋት አለው፣ አፉ አጠገብ ደግሞ ትንሽ መስተዋት። የሰማዩ ብርሃን ከትልቁ ወደ ትንሹ ይነጥርና በጎን በኩል ሰው ዓይኑን ወደሚያስጠጋባት ማያ ይገባል። ሁለቱ መስተዋቶች ልክ ለልክ ካልተያዩ ግን የሚታየው የተጨማለቀ ነገር ነው። ሰላም በነበረ ጊዜ አመሻሹ ላይ ግቢ ታወጣውና መንገደኛውን ሁሉ ጠርታ ታሳይ ነበር። ሰዓት እላፊ ሲመጣ፣ ሰውም በየቤቱ ሲከተት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስገባችው።

ከአልጋ ሥር ያወጡት የአብዮት ጠባቂዎች ናቸው፣ በአሰሳው ሰሞን፣ ትምህርት ቤት እንኳ በተዘጋበት ጊዜ። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ አንደኛው ልጅ መሣሪያውን አቀባበለ። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። አስካለ ግን «ቀስ፣ መስተዋት አለው» ትላለች። ቀበሌ ወስደው ብሎኑን ሁሉ ፈቱት፤ ጥይት ሲፈልጉ መስተዋት አገኙ። በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራት፤ ከአብዮቱ በፊት ቢሮ ይሠራ የነበረ፣ ካኪ የሚለብስ፣ ሁልጊዜ የሚያስለው ቀጭን ሰውዬ ነው። እኔም ተከትያት ገባሁ። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ አይጮህም፤ ይበልጥ የሚያስፈራውም እሱ ነበር።

«ሰማይ ያሳያል ካሉ ቅዳሜ ማታ መጥቼ ያሳዩኛል» አላት። «ካሳየ የእርስዎ ነው። ካላሳየ ለምን አልጋ ሥር እንደደበቁት እዚህ መጥተው ያስረዳሉ። እስከዚያ በማታ ከቤት እንዳይወጣ።»

ያን ሰሞን ሊያስረዳ የገባ ሰው ሲመለስ አላየንም። አስካለም ታውቃለች። ብቻ ቀና ብላ ቀለበት ያላትን ኮከብ፣ ሳተርንን፣ አሳይዎታለሁ አለችው። ወጥተን መንገድ ላይ ስንደርስ ጮህኩባት። ምን አለበት ጨረቃን አሳይሃለሁ ብትይ፣ ጨረቃ እንኳ ብትጨማለቅም ጨረቃነቷ ይታወቃል አልኳት። ጨረቃንማ ያለ ቱቦም ያያታል አለችኝ።

ቱቦው በጆንያ ተመለሰ። ገጣጠመችው። ትልቁ መስተዋት ላይ የአንዱ ጠባቂ አውራ ጣት ቁልጭ ብሎ ታትሟል፤ ልጠርገው ስል ተዪው፣ አሻራ ምንም አያደርግም፣ ችግሩ ማዘንበሉ ነው አለች። መስተዋቶቹ ተኮራርፈዋል። የሚስተካከሉት ደግሞ ኮከብ እያዩ ነው፤ ኮከብ የሚወጣው በማታ፣ በማታ መውጣት ክልክል። እኔ አንድ መፍትሔ ነበር የታየኝ፤ ሳይነጋ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ እህቷ ጠፍታ እንድትሄድ ለመንኳት። እሷ ግን መርፌ አለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ኮከብ ልትሠራ ነው። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የወጣ የብር ወረቀት በመርፌ ጫፍ ወጋች፣ በእጅ ባትሪ ፊት ላይ አሰረችው፣ ኮሪደሩ ጫፍ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። መጋረጃውን ዘግተን ከወዲያኛው ጫፍ ብታይ አልጠራም። ኮሪደሩ አጭር ነው፤ ኮከቧ በጣም ቀረበች። ማያዋን ወደ ውጭ ብትስባት ብትስባት ከቱቦው ወጥታ እጇ ላይ ቀረች። ሐሙስ እንዲሁ አለቀ። ያን ቀን ማታ ራት አልበላሁም፤ እሷ የእኔንም በላች።

ዓርብ ጠዋት ጥግ ላይ ካለው ጋራዥ የተሰበረ ኩሽኔታ ይዛ መጣች። ውስጡ ካሉት የብረት ኳሶች አንዷን አወጣች፤ ከሽምብራ ብዙም አትበልጥም። ፀሐይ እዚህች ኳስ ላይ ስታርፍ ከሩቅ ያለች አንዲት ነጥብ ብርሃን ትሆናለች፣ የቀን ኮከብ ናት አለችኝ። ግቢያችን ጠባብ ቢሆንም ረጅም ነው። ቱቦውን ሳሎን ውስጥ አቁመን በሩን ከፈትን፣ ወደ አጥሩ በር አነጣጠርነው። የአጥሩ በር ግን ቆርቆሮ ነው፤ እሱ ራሱ ያብለጨልጫል። ስለዚህ እናቷ የሞቱ ጊዜ የለበሰችውን ጥቁር ሻርፕ በበሩ አናት ላይ ጣል አደረግነው፣ ግማሹ ወደ ግቢ፣ ግማሹ ወደ መንገድ። ኳሷን ማስቲካ አኝኬ ሻርፑ ላይ ለጠፍኳት።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። ማያዋ ያለችው ከፊት ቱቦው አፍ አጠገብ ነው፣ የትልቁ መስተዋት ሦስት ብሎኖች ደግሞ ከቱቦው ጀርባ። እሷ ታያለች፣ እኔ በርከክ ብዬ አዞራለሁ። አንድ ጊዜ አሳየችኝ። ማያዋን ወጣ ስታደርጋት ነጥቧ ሰፋችና ክብ ሆነች፣ ውስጧ ጥቁር ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው የትንሹ መስተዋት ጥላ ነው። ልክ ቦምቦሊኖ ናት። ቀዳዳው መሃል ከሆነ መስተዋቶቹ ታርቀዋል ማለት ነው። የእኛ ቦምቦሊኖ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ብሎን ባዞርኩ ቁጥር ኮከቧ ትሸሻለች፣ አስካለ ፈልጋ መሃል ትመልሳታለች፣ እንደገና አዞራለሁ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ደግሞ ቤቱ ይርገበገብና ቆመን እንጠብቃለን። «ትንሽ ነው ያልኩሽ፣ ሊጥ እያቦካሽ ነው እንዴ?» ትለኛለች። እኔም መልስ አላጣሁም።

ቀዳዳው ወደ መሃል መምጣት ሲጀምር አስካለ ኮከቧ ጠፋች አለች። ቀና ብንል ጎረቤታችን ሳህን ይዛ በሩ ሥር ቆማለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ሳህኑ ላይ ንፍሮ ነው። ከኋላዋ ሌላ ሴት ገባች። ከዚያ ሌላ። ያኔ ነው የገባኝ። ድንኳን መጣል፣ ደረት መምታት በተከለከለበት ሰሞን አጥር ላይ ጥቁር አንጠልጥለናል። ሰፈሩ ከእኛ ቤት ሰው ተገድሎ በጨርቅ የተናገርን መስሎታል።

ማን ሞተ፣ ማንም አልሞተብንም ብላ አስካለ አስረዳች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አዎ፣ አዎ፣ ማንም አልሞተም አሏት፤ ጥንቃቄዋ ገብቷቸዋል ማለት ነው። ተቀመጡ። ምላ ብትገዘትም ያው ነው። እኔ ሰዓቱን እያየሁ አብዳለሁ፤ እኩለ ቀን ካለፈ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጥላ በሩን ይሸፍነዋል፣ ያለ ፀሐይ ደግሞ ኮከብ የለንም። ሌሎቹን እንደምንም ሸኘሁ። አንዷ ግን አልነሳ አለች፤ እትዬ ብርቄ፣ ጥጉ ላይ ጉሊት የምትሸጠው።

የብርቄ ልጅ ሰለሞን ከቤት ከተወሰደ ገና ወር አልሞላውም ነበር። ሞተ ብለው ነገሯት፤ ሬሳ የለም፣ እንዳታለቅሽ ተባለች፣ በማግስቱ ቲማቲሟን ደርድራ ጉሊት ዋለች። አሁን የሰው ለቅሶ አገኘች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ ወገቧን ይዛ አለቀሰች። እጇን ይዤ ላስነሳት ስል አስካለ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ቱቦውን ትታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሞተ አሉኝ» አለቻት ብርቄ። «እኔ አላየሁትም።»

አስካለ በዕድሜዋ ሙሉ ሰው የምትጠይቀው ያንኑ ነበር። የዚያን ቀን አልጠየቀችም። «አልቅሺ» ብቻ አለቻት።

ጥላው መጣ፣ በሩን ሸፈነው፣ ኮከቧ ጠፋች። ብርቄ ስትረጋጋ አስካለ የሻርፑን ነገር እውነቱን ነገረቻት፤ ማንም እንዳልሞተ፣ ቱቦው በነገው ማታ ካልተስተካከለ ግን የምትሄደው እሷ እንደሆነች። ብርቄ አፈረች፤ ሥራ አስፈታኋችሁ ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ሻርፑን አወረድን። የዚያን ቀን ማታ እኔ አለቀስኩ፣ በንዴት። አስካለ ጠዋት ሙሉ አለን አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጥቁር ጨርቅ ደግመን ማንጠልጠል አይታሰብም። ኳሷን እንጨት ጫፍ ላይ ለጥፈን እንጨቱን በሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተከልነው፤ ከኋላ የሚያብለጨልጨው ቆርቆሮ ኮከቧን ዋጣት። ብርድ ልብስ ሞከርን፣ ቡና ዓይነት ነው፣ አላረካትም። እዚህ ላይ እያለን ብርቄ በቆርቆሮው በር ላይ ያለችውን ትንሿን በር ገፋ አድርጋ ገባች። ጉሊት አልወጣችም። ቱቦውን አየች፣ እንጨቱን አየች።

«ጥቁር ነው ያጣችሁት?» አለች።

ከላይ የለበሰችው የአበባ ቀሚስ ነው። ቁልፉን ፈታችና አወለቀችው። ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ቤቷ ውስጥ ተደብቃ የነከረችው፣ እንዳይታይባት በየቀኑ ሌላ የምትደርብበት። ከደረቷ ጥቁር ሻሽ አውጥታ አሰረች። ትንሿን በር እኔ ቀረቀርኩ። የምንቀመጥበትን ዱካ አምጥታ ከእንጨቱ ኋላ አስቀመጠችና «ፊቴን አትዩብኝ» ብላ ወደ ቆርቆሮው ዞራ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ።

ኮከቧ በብርቄ ጀርባ ላይ ቦግ አለች። አስካለ እያየች እኔ አዞርኩ። የብርቄ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ ኮከቧ ግን እንጨቱ ላይ ናት፣ አትነቃነቅም። ከዚያ ወዲያ ማንም አልቀለደም። ወደ ግራ ስትለኝ ወደ ግራ፣ ትንሽ ስትለኝ ትንሽ፤ እጄ እንደዚያን ቀን ታዞ አያውቅም። ጥላው በአጥሩ ላይ ወደ ብርቄ እየተሳበ ነው። ጫማዋ ጋ ሲደርስ አስካለ «በቃ፣ እጅሽን አንሺ» አለች። ተነስቼ አየሁ። ጥቁሩ ቀዳዳ መሃል ለመሃል ተቀምጧል።

ማታ ሊቀመንበሩ ሁለት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። አስካለ ቱቦውን ግቢ አውጥታ ሳተርን ላይ አነጣጥራለች። ሰውዬው ሲያጎነብስ የኮፍያው ጫፍ ቱቦውን መታው። አስካለ ኮፍያዎን ያውልቁ፣ እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉ ብላ አዘዘችው፤ መልሳ አነጣጠረች። ኮፍያውን አወለቀ። አየ። ሳሉ እንኳ ቆመ። ብዙ ቆይቶ ቀና አለና ይሄ ውስጡ የተለጠፈ ሥዕል ነው አላት።

አስካለ አልተናደደችም፤ እንዲያውም ጥያቄው ደስ ያላት ይመስለኛል። እያዩ አንድ እጅዎን ቱቦው አፍ ላይ ያድርጉ አለችው። እጁን ሲያደርግ ጠፋ፣ ሲያነሳ ተመለሰ። ደጋገመው። ጠባቂዎቹ መሣሪያቸውን አንግተው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«አሁን አይተዋል?» አለችው።

«አይቻለሁ» አለ።

ኮፍያውን ደፋ። ሲወጣ ወደ እኔ ዞር ብሎ ጓደኛሽ ስብሰባ ላይ ይህን ጥያቄዋን ብትተው ይሻላታል አለኝ። ነገርኳት። በሚቀጥለው ስብሰባ እጇን አወጣች፤ እኔም ጭኗን ቆነጠጥኩ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ከእኔ ቤት ተደብቃ የቆየችውን ብርቄን ጠርታ አሳየቻት። ብርቄ አጎንብሳ አየችና ቆንጆ ናት አለች። ግን ልቧ እዚያ አልነበረም። የአበባ ቀሚሷን ጫፍ እያፍተለተለች አስካለን ጠየቀቻት።

«ነገስ ጥቁር ያስፈልግሻል?»

ቱቦው ተስተካክሏል። ከዚያ በላይ የሚስተካከል ነገር የለውም፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አስካለ ያላየችውን ተናግራ አታውቅም። ብርቄን ቀጥ ብላ እያየች «አዎ» አለቻት፤ «ገና ነው፣ ትንሽ ያዘነብላል።»

ከዚያ በኋላ ፀሐይ በወጣበት ጠዋት ሁሉ ኳሷ እንጨቱ ላይ ተለጠፈች። ብርቄ ትመጣለች፣ የአበባ ቀሚሷን አውልቃ ወደ ቆርቆሮው ዞራ ትቀመጣለች፣ ልጇን ታለቅሳለች። አስካለ ማያዋ ላይ ዓይኗን ታስጠጋለች፤ እኔ ብሎኖቹ ላይ እጄን አድርጌ፣ ምንም ሳላዞር፣ በርከክ እላለሁ። «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ» ትለኛለች፣ ብርቄ እንድትሰማ። ክረምቱ ገብቶ ፀሐይ እስኪጠፋ ይህንን ሠርተናል። የአስካለን ውሸት የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ለከረባታሙ ሰውዬ እየነገርኩት ሳለ ማርታ አንዲት አሮጊት ደግፋ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ብርቄ ናት። ጥቁር ለብሳለች። ሰው ተነስቶ ወንበር ለቀቀላት። ወንበሩን በእጇ ዳሰሰችና አዞረችው፤ ለሕዝቡ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ድንኳኑ ሸራ ዞራ ተቀመጠች። ሰዉ ተንሾካሾከ፤ እርጅና ነው፣ አዙሯቸው የሚልም ነበር። አንድ ጎረምሳ ሊያዞራት ሲነሳ ከረባታሙ ክንዱን ያዘው።

«ተዋቸው» አለው። «እንደዚያ ነው የሚቀመጡት።»